ሲሞቃት የምትነጣው ቀይ

የካቲት 2፣ ሰኞ። ጠዋት 2፡20

ፕሌት ቆጠራ፤ ጀርም የማሳድግባቸው ሳህኖች። ሃያ አራት። ሃያ አንዱ የወተት ቀለም፣ ሁለቱ ሻጋታ፣ አንዱ ባዶ። አማካሪዬ ዶ/ር ሐሰን ትናንት ደውለው ምን በቀለልሽ አሉኝ። እርጎ አልኳቸው። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የማጠናው ባክቴሪያ የሚያመርተው ቀለም ሌላ ጀርም ይገድል እንደሆነ ነው። ቀለም ከሌለ ጥናት የለም፤ ጥናት ከሌለ ሁለተኛ ዲግሪም የለም።

ጭቃው የባቱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ከሚበለትበት፣ በማንኪያ ዝቄ አመጣሁት። ቦታውን የነገረኝ አባባ ነው። ወንጂ መጥቶ ሸንኮራ ማጠጣት ሳይጀምር በፊት እዚያ ዓሣ ያጠምድ ነበር፤ እስካሁንም ዝዋይ ነው የሚለው። የዓሣ እጣቢ የሚፈስበትን ጥቁሩን ጭቃ ውሰጂ፣ እዚያ የማይኖር ፍጥረት የለም አለኝ። ይኸው፣ እርጎ ይኖራል።

የጀርም ማሞቂያው ኢንኩቤተር የሆስፒታሉ ነው፤ ደመወዜም ከሆስፒታሉ ነው። የሕመምተኛ ናሙና ይቀድማል። የእኔ ፕሌቶች መስኮቱ ሥር በካርቶን ተቀምጠዋል፣ ሰርግ ቤት በር ላይ እንደቀረ ድሃ ዘመድ።

11፡30። የአባባን እግር አጠብኩ። ቀኙን። ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ጠቁረዋል። ስኳር ከያዘው ስድስት ዓመቱ። ዕድሜዬን ሙሉ ሸንኮራ አጠጥቼ ምርቱን ብቻዬን ወሰድኩ እያለ ይቀልዳል። ቁስሉ ግን አይቀልድም። የቁስሉን ናሙና በጥጥ ራሴ ወሰድኩ፣ ጀርሙንም ራሴ አሳደግኩት። እኛ ዘንድ ያለውን መድኃኒት ሁሉ በክብ በክብ ወረቀት ደረደርኩበት። አንዱንም አልፈራም፤ እስከ ወረቀቶቹ ጫፍ ድረስ አደገ። ሐኪሙ ሁለቱ ጣቶች ቶሎ ካልተቆረጡ እግሩን በሙሉ ልናጣ እንችላለን ብለዋል። አባባ የስምምነት ቅጹን ገና አልፈረመም። ትራሱ ሥር ነው።

የካቲት 4፣ ረቡዕ። 3፡00

እትዬ ዘርፌ ጮኹ። የላቦራቶሪውን ብርጭቆ የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው። መስኮቱን ሊወለውሉ ካርቶኑን ሲያነሱ አዩት። ደም ደም እያሉ ያማትባሉ። ሮጥኩ።

ደም አይደለም፣ ደብተሬ። ሰባተኛው ፕሌት ላይ፣ ከእርጎዎቹ መሀል፣ የሽንብራ ፍሬ የምታክል አንዲት ነጥብ። ቀይ። መሀሏ ጠቆር ያለ፣ ዳሯ ጽጌረዳ። ወደ ብርሃን ሳዞራት ታብለጨልጫለች። እዚህ ላብ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ቢጫ አይቻለሁ፣ አረንጓዴ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ቀይ አላየሁም።

ቆሜ ቀረሁ። ያበላኋት ምግብ የሾርባ ውሃ ይመስላል፤ ቀለም የለውም። ዓይን የላት፣ እጅ የላት፣ ሺህዋ ቢሰለፍ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። ቀዩን ከየት አመጣችው? ሠራችው። ብቻዋን፣ ካርቶን ውስጥ፣ እኛ የደም ናሙና ስንቀበል፣ ስንጨቃጨቅ፣ ምሳ ስንበላ።

እትዬ ዘርፌ ይኼ ነገር ደግ አይደለም፣ ጣይው አሉ። ለእሳቸው እሺ እሺ፣ ለእሷ ደግሞ አዲስ ቤት።

የካቲት 6፣ ዓርብ። ከሰዓት 8፡00

ብቻዋን አሳደግኳት። ሁለት ፕሌት ሙሉ። እዚያው መስኮት ሥር። ዛሬ አንዷን ሙሉ በሙሉ ፍቄ አልኮል ውስጥ ከተትኩ። ባክቴሪያዋ ከታች ዘቀጠች፣ ቀለሙ ወደ አልኮሉ ወጣ። ከላይ ያለው ጠጅ ሳይሆን፣ ሮማን ሳይሆን... አላውቅም። ቀለሙን የምጠራበት ቃል የለኝም። ከሁለተኛዋ ፕሌት ጥቂት በትንሽ ቱቦ አስቀመጥኩ፣ ለዘር። የቀረውን ፈጨሁት፣ ከቀለሙ ጋር ጨመርኩት።

ክብ ወረቀቶችን ቀለሙን አጠጣሁ፣ አደረቅኩ። ከጎናቸው ባዶ አልኮል የጠጣ ወረቀት፣ ለማነጻጸሪያ። ከፍሪጅ የአባባን ጀርም አወጣሁ። መለያው ላይ «አ» ብቻ ነው የጻፍኩት። ዶ/ር ሐሰን የማን ናሙና ነው ቢሉኝ ምን እላለሁ? የሕመምተኛ። ውሸት አይደለም።

የካቲት 9፣ ሰኞ። ጠዋት 2፡00

ክዳኑን ሳልከፍት አየሁት።

ባዶው ወረቀት፦ ጀርሙ እስከ ጫፉ። የእኛ መድኃኒቶች፦ እስከ ጫፋቸው። ቀዩ ወረቀት፦ ዙሪያውን ጥርት ያለ ክብ። የአውራ ጣቴ ጥፍር ስፋት ያህል ምንም የለም። ጀርሙ እዚያ ድረስ መጥቶ ቆሟል። አባባን እንቅልፍ የነሳው፣ መርፌ ያልገታው ነገር፣ ከዓሣ ሰፈር ጭቃ በወጣች ነጥብ ፊት ቆሟል።

ሦስት ጊዜ አየሁ። አራተኛ ጊዜ ለማየት መነጽሬን ጠረግኩ። ከዚያ አለቀስኩ። የማፍረው ሰው አልነበረም፤ እትዬ ዘርፌ ብቻ ነበሩ፣ እሳቸውም አብረውኝ አለቀሱ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ።

ማታ 1፡30። ዶ/ር ሐሰን በስልክ ጥሩ ነው አሉ። ጥሩ ነው! ድገሚው፣ ሦስት ጊዜ ድገሚው፣ ከዚያ እናወራለን። ከፕሌት እስከ ሰው ገላ ያለው መንገድ ረጅም ነው አሉ። አውቃለሁ። ቤት ስደርስ ግን አላወቅኩም። ፎቶውን ለአባባ አሳየሁት። ይቺ ጥርት ያለችው የአንተ ጀርም የሞተበት ቦታ ናት አልኩት። ስልኬን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ቆይቶ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከዝዋይ?» አለ። አዎ፣ ከዝዋይ። ጉልበቱን መታ መታ አደረገ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሲደሰት አላየሁትም።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ። ማታ 3፡00

ኢንኩቤተሩ ውስጥ አንድ መደርደሪያ ተለቀቀልኝ። በመጨረሻ! ከቱቦዋ ቀንሼ አራት አዲስ ፕሌት ዘራሁ፣ አራቱንም አስገባሁ። ከእንግዲህ ካርቶን የለም። ልዕልት በቤተ መንግሥት ትኖራለች። 37 ዲግሪ፣ እንደ ሰው ገላ፣ እንደማንኛውም የሆስፒታል ጀርም።

ደስታዬ እስከ ምሳ ነው የቆየው። የቀዶ ጥገናው ሐኪም ጠርተውኝ አባትሽ አልፈርምም ብሏል አሉኝ። ለምን? ልጄ መድኃኒት አግኝታለች ብሎ። ወረፋ የያዙት በሽተኞች ሁሉ ሰምተዋል። ሐኪሙ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በየቀኑ ወደ ላይ ይሄዳል፣ አንቺ ታውቂዋለሽ አሉኝ።

አባባን ለማሳመን ሞከርኩ። ግማሽ ልቤ ነው የሞከረው፤ ያንን ደግሞ እሱ ያውቃል። ሳምንት ታገሺኝ አለ።

የካቲት 12፣ ሐሙስ። ጠዋት 2፡15

ነጭ።

አራቱም። ነጭ፣ እርጎ፣ ከንቱ። አንዲት ቀይ የለችም።

ሌላ ባክቴሪያ ገብቶባታል አልኩ። በማይክሮስኮፕ አየሁ፦ ራሷን ትመስላለች። አልኮል ጨመርኩ፦ ውሃ። ያን ጥርት ያለ አልኮል ወረቀት አጠጥቼ ከ«አ» ጋር አስቀመጥኩት፤ ምን እንደሚል አውቃለሁ።

5፡40። እትዬ ዘርፌን ተናገርኳቸው። ኢንኩቤተሩን በበረኪና የወለወሉት እሳቸው ናቸውና። ቀለሟን ገደሉብኝ አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ሁለት የተግባር ልምምድ ተማሪዎች ዞር ብለው አዩን። እትዬ ዘርፌ ጓንታቸውን አወለቁ፣ አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። እናቴን በሚያክሉ ሴት ላይ ጮህኩ። ዛሬ ራሴን አልወደድኩትም።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ። 4፡30

ትናንት ያየሁት፦ ነጩ «አ»ን አልገደለም። ጀርሙ ወረቀቱን ተራምዶ አለፈ።

ዛሬ ጠዋት የአባባን ፋሻ ስፈታ ሦስተኛዋ ጣት ጫፏ ጠቁሯል። ሁለት የነበረው ሦስት ሆነ። አንድ ሳምንት ታገሺኝ ባለኝ በአራተኛው ቀን። እሱ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር፤ ሽታው ለእሱም እንደደረሰው ከትከሻው አወቅኩ።

የመጀመሪያዋ ቀይ የቀረችው በቱቦዋ ብቻ ነው። ፍሪጅ ውስጥ፣ ጥቂት ጠብታ። ከቀለሙም የተረፈ የለም፤ ወረቀቶቹ ጠጥተውታል። ላብ ሄድኩ። በሩ ላይ ጥበቃዎቹ መብራት የለም አሉኝ፣ ከሌሊት ጀምሮ ጠፍቷል፣ ጄኔሬተሩ ለቀዶ ጥገና ክፍልና ለፍሪጆቹ ብቻ ይሠራል። ኢንኩቤተሩን አልከፈትኩም። ነጮቹን ማየት አልፈለግኩም። ቱቦዋን አወጣሁ። በመሀረብ ጠቀለልኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ጽፌዋለሁ፣ ደብተሬ፣ አይጠፋም። ይህን ሌላ ሰው ቢያደርገው በሩ ድረስ እየጮህኩ አሳድደው ነበር። ሕይወት ያለው ባክቴሪያ፣ ያልተጣራ፣ ስሙ በቅጡ ያልታወቀ፣ ከላብ ሰርቆ ቁስል ላይ ማፍሰስ። አውቃለሁ። ግን ገዳይዋ ራሷ እያለች ለምን ቀለሟን ብቻ እጠብቃለሁ እላለሁ። እዚያው እግሩ ላይ ትቀመጥ፣ እዚያው ቀለሟን ትሥራ። ሦስተኛዋ ጣት ከመሄዷ በፊት።

ቱቦዋ አሁን ቁም ሣጥን ውስጥ ናት። ለአባባ ነገርኩት። ነገ እሑድ የእህቱ ልጆች ከአቦምሳ ይመጣሉ፤ በሰው ፊት አይሆንም። ሰኞ ከሥራ ስመለስ።

የካቲት 16፣ ሰኞ። ጠዋት 2፡30

መብራት አሁን መጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ኢንኩቤተሩ ጠፍቶ ነው የከረመው። የሕመምተኞቹን የተበላሸ ናሙና ለመጣል ከፈትኩ። የእኔን ደግሞ ከእነሱ ጋር።

ቀይ።

አራቱም ፕሌቶች። ዳር እስከ ዳር። ሐሙስ እርጎ የነበሩት እነዚያው፣ በእጄ ቀንና ቁጥር የጻፍኩባቸው። ማንም ሳይነካቸው፣ ማንም ሳይጨምርባቸው ቀልተዋል።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ምን ተለወጠ? ምግቡ ያው። ዘሩ ያው። በረኪናው ያው። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፦ ማሞቂያው ጠፋ። 37 የነበረው ወደ ክፍሉ አየር ወረደ። መስኮት ሥር፣ ካርቶን ውስጥ ስትኖር ቀይ ነበረች። ቤተ መንግሥት ሳስገባት ነጣች። መብራት ሲጠፋ ተመለሰች። ሙቀት ትለካለች! ቴርሞሜትር የላትም፣ ትለካለች። ሲቀዘቅዛት፣ ጭቃ ውስጥ ከጎረቤት ጋር ስትጋፋ፣ መሣሪያዋን ትሠራለች። እንደ ሰው ገላ ሲሞቃት ትተወዋለች። የዓሣ ሰፈር ጭቃ ይህን ሁሉ ያውቃል። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሁሉንም ነገር 37 ላይ አስቀምጬ፣ የሚበቅለው ሁሉ ለእኛ ሙቀት የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር። ሳቅኩ፣ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ።

እንደ ሰው ገላ ሲሞቃት

ቱቦዋ!

8፡00። ባጃጅ ውስጥ መንገዱ አላልቅ አለኝ። ነጂው ምን ሆነሻል እህቴ ይላል። ቤት ስገባ አባባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ፋሻውን ፈትቶታል። እግሩ በርጩማው ላይ። ቱቦዋ በእጁ ናት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዟት ያያታል። ክዳኗን አልከፈተም። ዓይኑ ስለደከመ ክዳኑ በየት በኩል እንደሚዞር እየፈለገ ነበር።

ተቀበልኩት። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ሳላፈስ ነው የተረፍኩት፣ በእሱ ዓይን ድካም።

ነገርኩት። ሁሉንም፣ እንደ ሕፃን። እግርህ ላይ ብናደርጋት ገላህ ያሞቃታል። ሲሞቃት ትነጣለች፣ መሣሪያዋን ትጥላለች። ጀርምህን አትገድልልህም። መብላቷን ግን አታቆምም፤ ጣትህን ከእሱ ጋር ሆና ትበላው ነበር። አንድ ጠላት ነበረህ፣ ሁለተኛ ልጨምርልህ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩት። ሳላጣራ ተደስቼ፣ ደስታዬን መድኃኒት ነው ብዬ ሰጠሁህ፤ አንተም ስለ እኔ ብለህ አልፈርምም አልክ፤ ሦስተኛዋ ጣት በዚህ ሄደች።

እኔ እያለቀስኩ ፋሻውን መልሼ ስጠቀልል ራሴን ዳበሰኝ። ከዚያ ትራሱን አነሳ። ቅጹ ተጨማድዷል። እስክርቢቶ ስጪኝ አለ።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ። 4፡00

ቱቦዋን መለስኩ። ለዶ/ር ሐሰን ፊት ለፊት ተናዘዝኩ፦ «አ» ማን እንደሆነ፣ ቦርሳዬን፣ ቁም ሣጥኑን። ፊታቸው ጠቆረ። የዚህች ዘመዶች በየሆስፒታሉ ደካማ ሰው እየፈለጉ ደም ውስጥ ይገባሉ፣ እንኳን ቁስል አግኝተው አሉ። «አ»ን በቅጡ ፈቃድ ሳላወጣ እንዳልነካው፣ የሆነውንም ለላቡ ኃላፊ በጽሑፍ እንዳስታውቅ አዘዙ። ልክ ናቸው። ጽፌ ሰጠሁ። ቱቦዋን በገዛ እጄ ጀርም በእንፋሎት በሚገድለው ኦቶክሌቭ ውስጥ ከተትኩ። እንፋሎቱ ሲጮህ ቆሜ ጠበቅኩ።

ከዚያ ስለ ቀለሙ ጠየቁኝ። ነጩን ቀዩን ስነግራቸው ፊታቸው ፈታ አለ። እንዲህ መሆኑ ለሌሎች ይታወቃል፣ አንቺ ግን በዓይንሽ አየሽው፣ ለዚህ ነው ይህን ሥራ የምንሠራው አሉ። የተጣራው ቀለም ለብቻው፣ ያለ ባለቤቱ፣ ሙቀት ላይም ይሠራ ይሆናል። መጠየቅ ያለብሽ እሱን ነው፤ ዓመታት ይወስዳል፤ ለአባትሽ አይደርስም አሉኝ። የመጨረሻውን ቀስ ብለው ነው ያሉት።

እትዬ ዘርፌ እግር ላይ ልወድቅ ነበር፣ ያዙኝ። በቃ በቃ አሉ። ታሪኩን ነገርኳቸው፦ ካርቶን ውስጥ ቀልታ፣ ኢንኩቤተር ስትገባ ነጥታ። ትንሽ አሰቡና «አልጋ ሲሏት አመድ! ይቺ የድሃ ልጅ ናት» አሉ። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። ካርቶኑን እሳቸው ራሳቸው መስኮቱ ሥር መለሱ። ከፊቱ የሚቆም ሰው እንዳይኖርም አዘዙ፣ እኔን ጨምሮ።

የካቲት 18፣ ረቡዕ። 9፡00

አባባ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ለነገው ቀዶ ጥገና። ከመተኛቱ በፊት አንድ ነገር ለመነኝ፦ ላሳያት። በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ላቡ መስኮት ወሰድኩት፣ ከውጭ በኩል። እኔ ከውስጥ ሆኜ የታሸገችውን ፕሌት ከመስታወቱ ጋር አስጠግቼ ያዝኩለት። ፀሐይ በቀዩ በኩል አልፎ ጋውኔ ላይ አረፈ።

ጎንበስ ብሎ አያት። ኮፍያውን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ አልጠየቅኩትም፤ እኔም የዛሬ ሁለት ሳምንት ባርኔጣ ቢኖረኝ አወልቅ ነበር። በመስታወቱ በኩል የሚለው በደንብ አይሰማም፣ ግን ሰማሁት። በልጅነቴ በባዶ እግሬ ያን ጭቃ ስረግጥ ኖሬአለሁ፣ በእነዚሁ ጣቶች ረግጬአት ይሆናል አለ። እሷ እዚያው ታች ሆና ይህን ቀይ ስትሠራ።

ፕሌቷን እንደያዝኩ ቆየሁ። እጄ እስኪደክም።

የካቲት 19፣ ሐሙስ። ጠዋት 3፡10

ቀዶ ጥገና ክፍል በር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ። አሁን አስገቡት። ሦስት ጣት። ሐኪሙ ዛሬ ከሆነ እግሩ ይተርፋል ብለዋል፣ ተስፋ አለኝ አላሉም፣ ይተርፋል ነው ያሉት። ያንን ቃል ይዤ ተቀምጫለሁ።

ወስኛለሁ፣ ደብተሬ፣ ጻፊው። ርእሴን አልቀይርም። ቀለሙን አጣርቼ፣ ለብቻው፣ በ37 ዲግሪ፣ በአግባቡ፣ በፈቃድ። ዓመታት ቢወስድ ይውሰድ። የማንም ሰው ቤት ፎቶ ይዤ አልሮጥም።

ቃሬዛው ላይ ሆኖ እጄን ይዞኝ ነበር። በሩ ሲከፈት ብርድ ወጣ፣ አየር ማቀዝቀዣው። እዚህ ውስጥ እንዲህ ይበርዳል እንዴ አለኝ። አዎ አባባ፣ በጣም ይበርዳል አልኩት። ሳቅ አለ። «እንግዲያው ቀይዋን እዚህ ብታስገቢልኝ መሣሪያዋን አትጥልም ነበር።» ነርሷ ምን እንደሚል አልገባትም። እኔ እየሳቅኩ ነው እጁን የለቀቅኩት።

4፡40። በሩ እየተከፈተ ነው። ስሜን እየጠሩ